ጠይቆ መመለስ አይበቃም

የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የልብና የኩላሊት ሕመም፣ እነዚህንም የመሳሰሉ አንድ ጊዜ ከያዙ የማይለቁ በሽታዎች በነጋዴው ዘንድ እንግዶች አለመሆናቸው የታወቀ ነው። ከማለዳ እስከ ምሽት በመደብሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል፣ ምሳውን በሰዓቱ የማይበላ፣ የዕዳው ቀን ሲቀርብ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ለነዚህ በሽታዎች የተጋለጠ መሆኑን ሐኪም ሳይነግረው ራሱ ያውቀዋል። ስለዚህም በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ካርዱን ይዞ ወደ ሆስፒታልና ወደ ጤና ጣቢያ የክትትል ክፍል የሚሄደው የአስመጪው፣ የላኪውና የባለ ሱቁ ቍጥር ጥቂት አይደለም።

በዚህ የክትትል ክፍል ስኳሩ ይለካል፤ ግፊቱ ይለካል፤ ክብደቱ ይመዘናል፤ መድኃኒቱም ይታዘዛል። ሳይለካ የሚቀረው የሰውዬው መንፈስ ነው። የጤና ጠበብት በየአገሩ ይህን ጉድለት ተመልክተው፣ ማናቸውም ሥር የሰደደ በሽታ ያለበት ሰው ለክትትል በመጣ ጊዜ ስለ ሐሳቡ፣ ስለ እንቅልፉና ስለ ተስፋው ጥቂት የተወሰኑ ጥያቄዎች እንዲጠየቅ ያሳስባሉ። ይህ አሠራር የአእምሮ ጤና ልየታ ይባላል። በዚህ ልየታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት፣ ሕዝቡ ደግሞ ድብርት፣ ጭንቀት፣ የልብ ስብራት እያለ የሚጠራው ሕመም ነው።

ሐሳቡ መልካም መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ በዚህ ነገር ውስጥ ርካሹ ጥያቄው ነው፤ ውዱ ከጥያቄው በኋላ የሚመጣው ማስታመም ነው። ውዱን ሳያዘጋጁ ርካሹን መጀመር፣ በመጋዘኑ ዕቃ ሳይኖር በደጃፉ ላይ ማስታወቂያ እንደሚለጥፍ ነጋዴ መሆን ነው። ደንበኛው አንድ ጊዜ ገብቶ ባዶ መደርደሪያ ካየ በኋላ ሁለተኛ አይመለስም።

የሁለቱ ሕመሞች ዝምድና በምርምር የተረጋገጠ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ አንድ ጽሑፍ፣ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በድባቴ የመያዝ ዕድሉ በሽታው ከሌለበት ሰው እጥፍ ያህል መሆኑን ገልጧል። ምክንያቱም በሁለት ወገን የሚመጣ ነው። የማያቋርጥ ሕመም መንፈስን ያደክማል፤ የደከመ መንፈስም ሕመምን ያባብሳል። በድባቴ የተያዘ ሰው መድኃኒቱን የሚያስቀረው ረስቶ ብቻ አይደለም፤ «ብወስደውስ ምን ሊረባኝ» ብሎ ይተወዋል እንጂ።

ለምሳሌ ያህል አንድ የመርካቶ ባለ ሱቅ ይታሰብ። በሦስት ተከታታይ ቀጠሮ ስኳሩ ከፍ ብሎ ይገኛል። ሐኪሙም የክኒኑን መጠን ይጨምርለታል። በአራተኛው ቀጠሮ አሁንም አልወረደምና ኢንሱሊን ይታዘዝለታል። የነገሩ ሥር ግን የመድኃኒት ማነስ አልነበረም። ሰውዬው ባለቤቱ ከሞተችበት ጊዜ አንሥቶ ክኒኑን ከወሰደበት ቀን ያልወሰደበት ቀን ይበልጣል። ሱቁን የሚከፍተው አርፍዶ ነው፤ የዱቤ ደብተሩን ከተመለከተው ሁለት ወር አልፎታል፤ የዕቁቡንም ዕጣ ሌላ ሰው እንዲቀበልለት ይልካል። ይህንን ማንም አልጠየቀውም፤ እርሱም አልተናገረም። ለኢንሱሊኑ የወጣው ገንዘብ ያለ ቦታው የወጣ ወጪ ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ ሰውዬው አንድ ቀን ቆርጦ የታዘዘለትን ሁሉ በአንድነት ቢወስድ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ በሱቁ ውስጥ ሊወድቅ መቻሉ ነው።

ለልየታው በብዙ አገር የተመረጠው መጠይቅ ፒ.ኤች.ኪው. 9 የሚባለው ነው። ይህንንም ክሮንኬ፣ ስፒትዘርና ዊሊያምስ የተባሉ ሦስት የአሜሪካ ሊቃውንት በ2001 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። ተጠያቂው ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ በነገር ሁሉ ደስታ አጥቶ እንደ ሆነ፣ አዝኖና ተስፋ ቆርጦ እንደ ሆነ፣ እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ጉልበቱና ሐሳቡን የመሰብሰብ ችሎታው እንዴት እንደ ሆነ፣ በመጨረሻም ሞትን ተመኝቶ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ለያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ የሁሉም ድምር ቢበዛ 27 ይሆናል። መጠይቁን ለመተርጐምም ሆነ ለማባዛት ፈቃድ መጠየቅ ወይም ዋጋ መክፈል አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ያለ ዋጋ የሚገኝ ዕቃ በገበያ ብርቅ ነው።

ዋጋ የለውም ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። አንድ የክትትል ክፍል በቀን 40 ሰው ቢቀበል፣ ዘጠኙም ጥያቄ ለያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ 200 ደቂቃ ይሆናል፤ ይኸውም የአንዲት ነርስ ግማሽ ቀን ነው። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ ሁለቱን የፊተኞቹን ጥያቄዎች ብቻ ለሁሉ አቅርበው፣ በነዚህ የተገኘበትን ሰው ብቻ ወደ ቀሩት ሰባት እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ይህ ጊዜን የሚቆጥብ ብልህ አሠራር ነው።

ሚዛኑም መፈተሽ አለበት። ከውጭ የመጣ ሚዛን በአገሩ ልክ ሳይፈተሽ ገበያ እንደማይወጣ ሁሉ፣ ከውጭ የመጣ መጠይቅም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተመርምሮ በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ በሌላው ዓለም እንደ ተለመደው 10 ነጥብ መለያ ሊሆን እንደሚችል ተገለጠ። በቡታጅራ አካባቢ በጤና ጣቢያዎች ተደርጎ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ግን ከ5 ነጥብ ጀምሮ መለየት የተሻለ መሆኑን አመለከተ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መለያው ዝቅ ባለ ቍጥር የሚያዘው ሰው ይበዛል፤ ከሚያዘውም ውስጥ ድባቴ የሌለበት ሰው ቍጥር ይጨምራል። በዚህም ላይ ድካም፣ የእንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መለዋወጥ ከስኳር በሽታው ራሱ ሊመጡ ስለሚችሉ፣ የነጥቡ ድምር የሐኪም ፍርድ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባውም። ነጥቡ «ይህን ሰው ቁጭ ብለህ አነጋግረው» የሚል ማሳሰቢያ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ሥልጣን የለውም።

ጥያቄው ብቻውን ምን እንደሚያተርፍ ለማየት የሌሎች አገሮችን ሒሳብ መመልከት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር መንግሥት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቤተሰብ ሐኪሞች፣ የስኳርና የልብ ሕመምተኞቻቸውን ስለ ድባቴ ሁለት ጥያቄ በጠየቁ መጠን ገንዘብ ይከፍል ነበር። ንግድ የሚያውቅ ሰው የዚህን ውጤት አስቀድሞ ሊገምት ይችላል፤ የተከፈለበት ሥራ ይሠራል፣ ያልተከፈለበት ግን ይቈያል። ጥያቄው ለመዝገብ ያህል ብቻ የሚጠየቅበት ጊዜ መኖሩን ነቃፊዎች ተናገሩ። ክፍያውም በ2013 እ.ኤ.አ. ቀረ። በዚያው ዓመት በካናዳ ስለ በሽታ መከላከል የሚመክረው የሐኪሞች ጉባዔ፣ ምልክት ያልታየበትን ሰው ሁሉ በዘልማድ መጠየቅ ጥቅም እንዳለው የሚያሳምን ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ እንዳይደረግ መከረ። የአሜሪካው መሰል ጉባዔ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. በሰጠው ምክር፣ ልየታው ሕመምተኛውን ተከታትለው የሚረዱ ሠራተኞች ባሉበት ስፍራ ይደረግ ብሎ ወሰነ። እነዚህ ጉባዔዎች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ይመስላሉ። ነገር ግን ልብ ብሎ ለተመለከተው ሁለቱም የተናገሩት ስለ አንድ ጉድለት ነው።

ይህንንም በግልጥ የሚያሳየው ዶክተር ዌይን ካቶንና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ሠርተው በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ ነው። በ14 ክሊኒኮች የስኳር ወይም የልብ ሕመም ከድባቴ ጋር የተገኘባቸው 214 ሰዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። የሁለቱም ወገን ሰዎች ተጠይቀው ድባቴው ታውቆላቸዋል። ለአንደኛው ወገን ሐኪማችሁን አማክሩ ተባለ። ለሁለተኛው ወገን ግን ነርስ ተመደበለት። ነርሲቱ ሕመምተኛዋን በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ታገኛለች፤ መድኃኒቱን መውሰዱን ትጠይቃለች፤ በየሳምንቱም ከአእምሮ ሐኪምና ከሌሎች ሐኪሞች ጋር ተቀምጣ ያልተሻለውን ሰው ጉዳይ ታማክራለች። ዓመት በሞላ ጊዜ በሁለተኛው ወገን ድባቴው ብቻ ሳይሆን ስኳሩም፣ የደም ግፊቱም፣ የደም ቅባቱም ይበልጥ ተሻሽሎ ተገኘ። ሁለቱም ወገኖች ተጠይቀው ነበርና፣ የልዩነቱ ምንጭ ነርሲቱና ክትትሏ ናቸው።

ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ በሕንድ አገር በአራት የስኳር ክሊኒኮች በ404 ሰዎች ላይ ለሁለት ዓመት የተደረገውንና በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመውን ጥናት ማየት ይችላል። በዚያም የክትትሉን ሥራ የያዙት ሐኪም ያልሆኑ፣ ለዚሁ ተግባር የሠለጠኑ አስተባባሪዎች ነበሩ። ድባቴው በግማሽ ቀንሶለት፣ ከስኳሩ፣ ከግፊቱና ከደም ቅባቱም ቢያንስ አንዱ የተሻሻለለት ሰው፣ ክትትል ከተደረገላቸው ከ100ው 72 ያህል፣ በተለመደው ሕክምና ከቈዩት ግን ከ100ው 57 ያህል ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ነገሩ ባዕድ አይደለም። ከ2011 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ፕራይም በተባለው የአምስት አገሮች ሥራ አማካይነት፣ በጉራጌ በሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምናን ከጤና ጣቢያው የዘወትር ሥራ ጋር ለማዋሐድ ተሞክሯል። ብዙ ፍሬም ታይቶበታል። በድባቴ ረገድ ግን ሠራተኞቹ ከሠለጠኑም በኋላ በሕመሙ የተያዘው ሰው አብዛኛው ሳይታወቅ በፊታቸው ያልፍ ነበር። ሥልጠና ብቻውን እንዳልበቃ ይህ ማስረጃ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በጤና ጣቢያዎች የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በጀመሩ ከ600 በላይ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ደግሞ፣ ከግማሽ የሚበልጡት የድባቴ ምልክት እንዳለባቸው አገኘ። ድባቴያቸው ሳይታከም የቀረውም መድኃኒቱን ከማቋረጥና ከመሞት ጋር ይበልጥ ተያይዞ ታየ። ነቀርሳ በወራት የሚያልቅ ሕክምና አለው። ዕድሜ ልክ መድኃኒት ለሚወስደው የስኳር ሕመምተኛ ነገሩ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከገንዘብና ከሰው ኃይል ሌላ በነጋዴው ላይ በተለይ የሚከብድ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ስም ነው። የነጋዴ ካፒታሉ በባንክ ያለው ብር ብቻ አይደለም። ጅምላ አከፋፋዩ ያለ መያዣ ዕቃ የሚሰጠው፣ የዕቁቡ ዳኛ ያለ ብዙ ዋስ ዕጣውን የሚያስረክበው፣ ባልንጀራው በቃሉ ብቻ ገንዘብ የሚያበድረው በስሙ ነው። «እገሌን አእምሮውን አሞታል» የተባለ ቀን ይህ ሁሉ ይናጋል። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት፣ ሕመሙ ቀላል ይሁን ብርቱ፣ ማንም አያጣራም። ስለዚህም በወረፋው መካከል፣ ጎረቤቱና የዕቁብ ጓደኛው በተቀመጡበት አግዳሚ ፊት፣ ነርሲቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ጋሼ፣ ሰሞኑን ተስፋ መቍረጥ ይሰማዎታል?» ብትለው፣ መልሱ የታወቀ ነው። ዘጠኙንም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ብሎ ያልፋቸዋል። በመዝገቡም ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። የዚያ ክፍል ዘገባ በዓመቱ መጨረሻ ድባቴ የለም ይላል፤ በዘገባውም መሠረት በጀት አይመደብም።

እንዲህ ያለው ሰው ውሸታም ነው ሊባል አይገባውም፤ ንብረቱን የጠበቀ ሰው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ምሳሌ ብዙ ጊዜ በሕመምተኛው ላይ ተግሣጽ ሆኖ ይነገራል። ምሳሌው ግን በሌላው ወገን ላይም ግዴታ ይጥላል፤ በሽታውን የገለጠ መድኃኒት ማግኘት አለበት ማለት ነውና። ገልጦ ያላገኘ ሰው ሁለት ጊዜ ከሰረ፤ ሕመሙም አልለቀቀው፣ ምስጢሩም ወጣ። ጥያቄው በር በተዘጋበት ክፍል እንዲጠየቅ፣ የተጻፈውም ከሕክምናው ሠራተኞች በቀር በማንም እጅ እንዳይገባ ማድረግ የግዴታ ነገር ነው። ስለ ሞት ምኞት የሚናገረው ዘጠነኛው ጥያቄማ በዚያው ዕለት ሰውዬውን ተቀብሎ የሚያነጋግርና ብቻውን የማይሰድድ ሰው በሌለበት ስፍራ ፈጽሞ ለብቻው ሊጣል የማይገባው ነው።

የመድኃኒቱ ጉዳይ ደግሞ አስመጪዎችን በቀጥታ ይመለከታል። ለድባቴ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚታዘዙት ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ሁለቱም የቈዩ፣ በብዙ ፋብሪካዎች የሚሠሩ መድኃኒቶች ናቸው። ስለሆነም በዋጋ ከከበዱት ጎራ አይቈጠሩም። አንዱ በሌላው ግን እንዲሁ አይተካም። አሚትሪፕቲሊን የልብን አመታት ሊያውክ ስለሚችል ለልብ ሕመምተኛ አይመከርም፤ ክብደትም ይጨምራልና ለስኳር ሕመምተኛ ብዙም አይመቸውም። እንግዲህ ሥር የሰደደ በሽታ ላለበት ሰው በይበልጥ የሚፈለገው ፍሉኦክሰቲን ነው። ይህም መድኃኒት ሥራውን የሚያሳየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲሆን፣ ሰውዬው ከተሻለውም ወዲህ ለብዙ ወራት ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። በሁለተኛው ወር «አልቋል፣ ከውጭ ገዝተህ ና» የተባለ ሰው ፊት ከነበረበት ብሶ ሊመለስ ይችላል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር መወደዱን እያንዳንዱ አስመጪ ያውቀዋል፤ የግል መድኃኒት ቤት ዋጋም ከዚህ ውጭ አይደለም። ትርፉ ትንሽ ነው ተብሎ ትእዛዙ የሚታለፍ መድኃኒት ካለ፣ ይህኛው በዚያ አደጋ ላይ ነው።

ነጋዴው እንደ አሠሪም ድርሻ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። ለክትትል በወር አንድ ግማሽ ቀን መፍቀድ ከዚህ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ያነሰ ወጪ ነው። ሠራተኛው የት እንደሄደ ከመጠየቅ በቀር ለምን እንደሄደ አለመጠየቅም የአሠሪው ጨዋነት ነው።

ታዲያ ልየታው ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። በሁሉም ጤና ጣቢያ በአንድ ቀን በሰርኩላር ከማዘዝ ይልቅ፣ ዝግጁ በሆኑ ጥቂት የክትትል ክፍሎች መጀመር ይሻላል ማለት ነው። ዝግጁ የሚባለውም ለተገኘባቸው ሰዎች ኃላፊ ሆና የተመደበች አንዲት ነርስ ያለችው፣ እርስዋም ጉዳይ ሲከብዳት የምታማክረው የአእምሮ ሐኪም በቀጠሮ ወይም በስልክ የሚገኝላት ክፍል ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ልዩ ሥልጠና በ2003 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት የከፍተኛ ትምህርት ፈላጊው ሁሉ ወደ ውጭ ይሄድ የነበረበት ጊዜ አልፏል፤ ይሁንና ሐኪሞቹ አሁንም ለሕዝቡ ብዛት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ጊዜያቸው ላልተሻለው ሰው ብቻ እንዲውል ያስፈልጋል። ዘገባውም ስንት ሰው ተጠየቀ በሚለው ሳይሆን፣ ከተገኘባቸው ሰዎች ስንቱ በስድስተኛው ወር ተሻለው፣ ስንቱ ከቀጠሮ ቀረ፣ ከቀሩትስ ስንቱ ተፈልጎ ተገኘ በሚለው ይዘጋጅ። ይህ የሱቅ ቈጠራ ሥርዓት ነው፤ የገባውን ብቻ ጽፎ የወጣውን የማይጽፍ ባለ መደብር የለም።

ከዚህም ጋር የክትትል ክፍሎቹ በዓመት ለስንት ሰው ስንት ወር የሚበቃ ፍሉኦክሰቲን እንደሚያስፈልጋቸው ግምታቸውን ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትና ለአስመጪዎች ከትእዛዝ በፊት ማስታወቅ አለባቸው። የንግድ ምክር ቤቱም መድኃኒት አስመጪ አባሎቹን ከጤና ባለሥልጣኖች ጋር በዚህ ግምት ላይ ሊያነጋግር ይችላል፤ ይህ ከሥራው ውጭ አይደለም። ይህን ቍጥር ለመስጠት ያልቻለ ጤና ጣቢያ፣ ዘጠኙን ጥያቄ ለመጀመር ገና አልተዘጋጀም።